የጦር ጂፕና ከቀለም በታች ያለው ጉድለት



በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በቶሌዶ ከተማ ይገኝ የነበረው የዊሊስ ኦቨርላንድ ፋብሪካ ኤም ቢ የተባለውን የጦር ጂፕ ማውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. ነበር። እስከ 1945 ድረስ ዊሊስና ፎርድ ከ600,000 የሚበልጡ ጂፖች ሠርተዋል። ባትሪው 6 ቮልት ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ግን በመኪናው ብረት በራሱ ነው።

ዛሬ ያንን አሮጌ ጂፕ የሚያድሱ ሰዎች ዝገቱን ፍቀው ብረቱን ሁሉ አሳምረው ቀለም ይቀቡታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልነሣ ይላል። ካንዴላው ይለወጣል፤ ኮይሉም ይለወጣል፤ ገንዘብም ያልቃል። ጥፋቱ ግን ከቀለሙ በታች ነው፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። ባለ 6 ቮልቱ መኪና ለአንድ ዓይነት ሥራ ከባለ 12 ቮልቱ እጥፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚፈልግ፣ ጥቂቷ እንቅፋት እንኳ ትጎዳዋለች።

የካንዴላው ብልጭታ የጦሩን ራዲዮ በጩኸት ያውክ ነበር፤ በማይክራፎን ፊት የምንውል ሰዎች ይህን ጩኸት ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሞተሩንና አካሉን ከሻሲው ጋር በተጎነጎነ የመዳብ ጥብጣብ አያያዙት፤ ከብሎኑም ሥር ብረቱን የሚነክስ ባለጥርስ ቀለበት አኖሩ። አዳሹ ግን ብዙ ጊዜ ጥብጣቡን እንደ ትርፍ ዕቃ ቈጥሮ ይጥለዋል፤ በእኔ አስተያየት ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ወደ ሞተሩ ራቁት ብረት አንድ ወፍራም ሽቦ ለጊዜው ይዘረጋል። ሞተሩ በዚያ ከተነሣ፣ የሚቀረው ከየማሰሪያው ሥር ቀለሙን መፋቅ ነው።