ጂሃድ

ጂሃድ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጦርነት ይሮጣል። የዐረብኛው ሥር ግን መጣርን፣ አቅምን አሟጦ መድከምን ይናገራል፤ ሊቃውንቱም ከገዛ ስሜት ጋር የሚደረገውን ትግል «ጂሃደል ነፍስ» ይሉታል። የኡጋንዳ ሙስሊም ሐኪሞችና የሃይማኖት አባቶች እ.ኤ.አ. በ1989 «ጂሃድ በኤድስ ላይ» ብለው ሲነሡ የያዙት ይህን ትርጉም ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኢማሞች እየሠለጠኑ፣ ከረዳቶቻቸው ጋር በየቤቱ እየዞሩ አስተማሩ። ከዚና (ከጋብቻ ውጭ ከሚደረግ ግንኙነት) መራቅንና በኒካህ (በጋብቻ) መታመንን አስቀደሙ። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን እዚያ አለማቆማቸው ነው፦ ልጆች ሲገረዙ ለእያንዳንዱ የራሱ ምላጭ እንዲኖር፣ ጀናዛ (አስከሬን) የሚያጥብም ሰው ከደም ንክኪ እንዲጠነቀቅ መከሩ። ሱናውን (ሃይማኖታዊውን ሥርዓት) ሳይነኩ አደጋውን ብቻ ነቅሰው አወጡ። እምነቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ይህን ማን ያስተውለዋል?

ኮንዶም መጀመሪያ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሐኪሞቹና ኢማሞቹ ተቀምጠው ብዙ ተወያዩ፤ በኋላ መታቀብና መታመን ቀዳሚ እንዲሆኑ፣ ስለ ኮንዶምም በትምህርቱ ውስጥ እንዲነገር ተስማሙ። ያ ውይይት ራሱ፣ በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም፣ ጂሃድ ነበር።