መጻፍ የሚሸሹ ልጆችና የኢንተርኔት የጽሑፍ ጨዋታዎች

ተረት ሲነገረው በተመስጦ የሚያዳምጥ፣ የሰማውንም ሳያዛንፍ ለታናሾቹ መልሶ የሚተርክ ልጅ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ሲሰጠው ዝም ሊል ይችላል። ወላጅም ልጁ ሰነፍ ነው ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ስንፍና አይደለም። መጻፍ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ብዙ ሥራ ነው፤ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ቃል መምረጥ፣ ፊደሉን ማስታወስና ጣትን መቆጣጠር በአንድነት ይፈለጋሉ። እጁ ገና ያልጠነከረ ልጅ ኃይሉን በፊደሉ ቅርጽ ላይ ይጨርስና ሊናገር ያሰበው ይጠፋበታል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ልጅ ደግሞ ጫናው የራሱ መልክ አለው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ ስላላቸው 231 ይሆናሉ። ከእነዚህም መካከል ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ የድምፅ ልዩነት የላቸውም። "ፀሐይ" ለማለት "ጸሃይ" ብሎ የጻፈ ልጅ ሐሳቡን በትክክል አስተላልፏል። ደብተሩ በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ ሲመለስለት ግን ስለ ሆሄ ከሚማረው ይልቅ መጻፍ የሚያስወቅስ ሥራ መሆኑን ይማራል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ በሚያስተምሩ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። በአሜሪካ የቤት ውስጥ ትምህርት በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። የሀገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እንዳሳወቀው፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች መካከል በቤት የሚያስተምሩት እ.ኤ.አ በ2020 ጸደይ 5 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መጸው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ 11 ነጥብ 1 በመቶ ደርሰዋል። በቤት የሚማር ልጅ ጽሑፉን የሚያነብለት የክፍል ጓደኛ የለውም፤ አንባቢውም አራሚውም አንድ ወላጅ ነው። በኢትዮጵያ ይህ አሠራር የተለመደ ባይሆንም፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወላጅ ሳያስበው አስተማሪ ሆኖ ነበር። በየክረምቱ እረፍትም ያው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል።

ለዚህ ከሚረዱ የኢንተርኔት መሣሪያዎች አንዱ ስክራች ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ነጻ መሣሪያ በዋናነት ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ሲሆን በአማርኛም ይሠራል። ልጁ እንደ ጡብ የሚገጣጠሙ ትእዛዞችን እየደረደረ በሥዕል የተሠሩ ገጸ ባሕርያትን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ እንዲነጋገሩ ከፈለገ ግን ንግግራቸውን ራሱ መጻፍ ይኖርበታል።

የስክራች ትልቁ ጥቅም ጥያቄ አቅርቦ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ያለው መሆኑ ነው። በዚህ ትእዛዝ ልጁ የለመደውን የእንቆቅልሽ ጨዋታ በኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል። ገጸ ባሕርይው "እንቆቅልህ" ይላል፤ ተጫዋቹ መልሱን ይጽፋል፤ ካልተሳካለት "ሀገር ስጠኝ" ይባላል። ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ልጅ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ የመሸነፊያውንና የማሸነፊያውን ንግግር ሁሉ ይጽፋል። በዚህ ላይ የሆሄ ነገር ምክንያት ያገኛል። መልሱ "ፀሐይ" ተብሎ ከተመዘገበ፣ "ጸሃይ" ብሎ የሚጽፍ ተጫዋች ተሳስተሃል ይባላል። ያን ጊዜ ልጁ ወይ አንዱን አጻጻፍ ይመርጣል፣ ወይ ሁለቱንም ያስመዘግባል። ማንም ሳይቆጣው ስለ ፊደል እየተከራከረ ነው ማለት ነው።

ባዶ ገጽ ለሚያስፈራው ልጅ ሥዕላቸው የተዘጋጀ መጻሕፍት ይሻላሉ። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች የሕፃናት ታሪኮችን በነጻ ያቀርባሉ። ሁለቱም ተጠቃሚው ታሪኩን እንዲተረጉም ወይም ለውጦ እንዲጽፍ ይፈቅዳሉ። ልጁ ሥዕሎቹን ይዞ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

እ.ኤ.አ በ1958 በአሜሪካ የታተመውና ዛሬ በኢንተርኔትም የሚገኘው ማድ ሊብስ የተባለ የቃላት ጨዋታ ሌላው አማራጭ ነው። አንዱ ክፍት ቦታ ያለበትን ታሪክ ደብቆ ይይዛል፤ ሌላው ታሪኩን ሳያይ የተጠየቀውን ቃል ይሰጣል፤ ሲነበብ አስቂኝ ይሆናል። በአማርኛ ግን እንዳለ አይገባም። ግሱ ጾታና ቁጥር ስለሚይዝ፣ "የሰው ስም ስጠኝ" ተብሎ አልማዝ ከተባለ "አልማዝ በሬውን ጠምዶ ወጣ" ይሆናል። አስቀድሞ የሴት ወይም የወንድ ስም ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ግሱን እንዲያስተካክል ለልጁ መተው ግን የተሻለ የሰዋስው ትምህርት ነው። ይህን ለመጫወት ወረቀት ብቻ ይበቃል።

ጣቱ ለሚደክመው ልጅ ጎግል እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የሚሰጠው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የመለወጥ አገልግሎት ያግዛል። ልጁ ታሪኩን ይናገራል፤ ስልኩ ይጽፋል። ስልኩ መሳሳቱ አይቀርም፤ ልጁም ያርመዋል። ሁልጊዜ ሲታረም የኖረ ልጅ ለአንድ ጊዜ አራሚ ሲሆን ደስታው ቀላል አይደለም።

የኢንተርኔት ወጪ የሚያሳስበው ቤተሰብ ስክራችን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት ይችላል። የታሪክ መጻሕፍቱም ይወርዳሉ። ልጁ ሥራውን በኢንተርኔት ሲያወጣ እውነተኛ ስሙ፣ ፎቶው፣ ትምህርት ቤቱና ሰፈሩ አብረው መውጣት የለባቸውም። ጽሑፉን ራሳቸው ጽፈው የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ለዚህ ዕድሜ አይመከሩም፤ ልጁ ሊለምደው የሚገባውን ሥራ ይወስዱበታልና።

ወላጅ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እርማቱን ቢያቆይና ስለ ታሪኩ ቢጠይቅ ይመረጣል፤ "ከዚያስ ጅቡ የት ሄደ?" የሚል ጥያቄ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋል። ጽሑፉ በቴሌግራም ለአያት ቢላክ፣ አያትም በድምፅ ቢመልሱ፣ ልጁ እውነተኛ አንባቢ ያገኛል። በዋሽንግተን የሚያድግና እንግሊዝኛ ብቻ የሚቀናው ልጅም ጎንደር ላሉ አያቱ በፊደል ለመጻፍ ምክንያት ይኖረዋል።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ልጁ ፊደላትን መለየት ከተቸገረ፣ ሲጽፍ እጁን ካመመው ወይም ደብተሩን ወደ ዓይኑ አብዝቶ ካስጠጋ፣ መምህሩን ማማከርና ዓይኑን በጤና ተቋም ማስመርመር ያስፈልጋል።