ምህዋር የመረጠ ሰዓቱንም መረጠ

ስለ ሳተላይት ስናወራ ስለ ካሜራው ነው የምናወራው፤ ስንት ሜትር ያሳያል፣ ማን ሠራው፣ ስንት ወጣበት። የሚያልፍበትን መንገድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ያለው እዚያ ነው።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ቲሮስ 1ን ሲያመጥቁ ምህዋሯ ከምድር ወገብ በ48 ዲግሪ ያዘነበለ ነበር። ወደ ዋልታዎቹ የሚጠጋውን ምድር አታይም። አንዱን ቦታ ዛሬ ጠዋት፣ ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ታገኘዋለች። ደመና ለመከታተል ይህ ብዙም አይከፋም። የአምናን ሰብል ከዘንድሮው ለማወዳደር ግን አይሆንም፤ ብርሃኑና ጥላው በየጊዜው ይለዋወጣላ!

መፍትሔው የተገኘው ከራሷ ከምድር ቅርጽ ነው። ምድር የተስተካከለች ኳስ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ያለው ስፋት ከዋልታ እስከ ዋልታ ካለው በ43 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ይህ ትርፍ ውፍረት የሳተላይቱን ምህዋር ቀስ በቀስ ያዞረዋል። ዝንባሌውን 98 ወይም 99 ዲግሪ ገደማ አድርጋችሁ ከፍታውን ካስማማችሁት፣ ምህዋሩ በቀን 1 ዲግሪ ያህል እየዞረ በዓመት ሙሉ ዙር ይጨርሳል። ፀሐይን ተከተለ ማለት ነው፤ ለዚህ ዙረት ነዳጅ አይጠይቅም።

በ1972 የመጠቀችው ላንድሳት 1 በዚህ ዘዴ 917 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተቀመጠች። በየ18 ቀኑ ያንኑ ቦታ ታያለች፤ የምድር ወገብንም የምታቋርጠው እንደ አካባቢው አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ገደማ ነው። ለምን ጠዋት? ከሰዓት በኋላ ደመና ይከማቻል፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ጥላው ጋራና ሸለቆውን ለይቶ ያወጣል። የእኛን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ቀጥሎ ሌላ ስሌት ገባ። ላንድሳት 4 በ1982 ወደ 705 ኪሎ ሜትር ዝቅ ስትል፣ አንዱ ምክንያት የጠፈር መንኮራኩር ሄዶ ሊያነሳት ይችላል መባሉ ነበር። ማንም ሄዶ አላነሳትም። ከፍታው ግን ቀረ፤ ላንድሳት 9 የምትዞረው እዚያው 705 ላይ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የሮኬቱ ዋና ተሳፋሪ የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነበረች። ሌላው በያዘው ኮንትራት ታክሲ ተደርቦ የገባ ሰው አቅጣጫ አይመርጥም። ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ያዋጣል፤ አልቃወምም። ለቀጣዩ ሳተላይት ስንደራደር ግን ከካሜራው በፊት ይህ ይጠየቅ፦ በስንት ሰዓት ያልፋል? በስንት ቀን ይመለሳል? ክረምታችን ሦስት ወር ነው። በየ18 ቀኑ የሚመለስ ሳተላይት አንድን ማሳ በዚያ ጊዜ አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ያየዋል፤ ደመና የሚሸፍንበት ቀን ሳይቀነስ።