የሰው ወርቅ እንዳይሆን

ሊፍት ውስጥ የፎቁን ቁጥር የምታሳየው ትንሽ ስክሪን፣ ሐኪም ቤት ያለው የልብ ምት መከታተያ፣ የመኪናው ዳሽቦርድ፣ ሁሉም ውስጣቸው ኮምፒውተር አለ። ኪቦርድና ማውስ ስለሌላቸው ብቻ ኮምፒውተር ብለን አንጠራቸውም። በእነዚህ ስክሪኖች ላይ ቁልፉን፣ ዝርዝሩንና ፊደሉን የሚስለው ሶፍትዌር ቱልኪት ይባላል። ፕሮግራመሩ እያንዳንዷን ነጥብ ከባዶ ተነስቶ እንዳይስል ተዘጋጅቶ የተቀመጠለት የዕቃ ሳጥን ማለት ነው። ለመሆኑ የሳጥኑ ባለቤት ማን ነው? ባለቤቱ ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? «ኪውት» የተባለው ቱልኪት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኖርዌይ ነው። በ1990 ሆቫርድ ኑርድ እና አይሪክ ቻምበ ኤንግ የአልትራሳውንድ ምስሎችን የሚያከማች ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ፕሮግራሙ በዩኒክስም፣ በማኪንቶሽም፣ በዊንዶውስም መሥራት ስለነበረበት ለሦስቱም የሚሆን አንድ ቱልኪት የመሥራት ሐሳብ መጣላቸው። በ1994 ኋላ ትሮልቴክ ተብሎ የታወቀውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1995 ኪውትን ለሕዝብ አወጡ።

ክርክሩ ለመነሳት ብዙም አልቆየም። በ1996 ለሊኑክስ ነጻ የዴስክቶፕ ገጽታ ለመሥራት የተሰባሰቡት የኬዲኢ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በኪውት ላይ ገነቡ። ኪውት ግን ለእነሱ ያለ ክፍያ ይሰጥ እንጂ እንደልብ ለውጦ ማከፋፈልን አይፈቅድም ነበር። ይህ ያሳሰባቸው ሌሎች በ1997 ግኖም የተባለውን ተፎካካሪ ጀመሩ። ያኔ ነገሩ የግትሮች ንትርክ ይመስል ነበር። አልነበረም። በ1998 ትሮልቴክና ኬዲኢ ውል ተዋዋሉ፤ ኩባንያው አንድ ቀን ነጻውን እትም ማውጣት ቢያቆም፣ በጋራ ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ኪውትን ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ የመልቀቅ መብት አገኘ። በ2000 ደግሞ ኪውት ለሊኑክስና ለዩኒክስ ጂፒኤል በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ወጣ።

በዚያው ዓመት ትሮልቴክ ፊቱን ወደ ትንንሾቹ ማሽኖች አዞረ። በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን የሚያስተዳድረው በ1984 በኤምአይቲ የተጀመረው ኤክስ የተባለ ሥርዓት ነበር። ፕሮግራሙ ለኤክስ ይነግረዋል፣ ኤክስ ይስላል። ለትልቅ ኮምፒውተር ይህ ችግር የለውም፤ ኪስ ውስጥ ለሚገባ ማሽን ግን ሸክም ነው። «ኪውት ኢምቤድድ» ደላላውን አስወጣና የስክሪኑን ነጥቦች በያዘው ሜሞሪ ላይ በቀጥታ መሳል ጀመረ። ሻርፕ በ2002 ለገበያ ያቀረበው ዛውረስ ኤስኤል 5500 በዚህ የሚሠራ የኪስ ኮምፒውተር ነበር፤ 64 ሜጋባይት ሜሞሪና 240 በ320 ነጥብ ስክሪን ነበረው።

ዛሬ ዛውረስ አይመረትም። ትሮልቴክንም ኖኪያ በ2008 ገዛው። በየካቲት 2011 ኖኪያ ለስማርት ስልኮቹ የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ፎን መረጠና ኪውት እንደ እንጀራ ልጅ ሆነ። በ2012 ዲጂያ ለተባለ የፊንላንድ ኩባንያ ተሸጠ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ኮዱ በተጠቃሚዎቹ እጅ ነበር፤ ውሉም ከእያንዳንዱ ባለቤት ጋር አብሮ ተሻገረ። በ1998 ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ይመስል የነበረው ወረቀት ዋጋው የታየው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ይበልጥ አነሱ። በ2016 ጋቦር ኪሽ ቫሞሺ የተባለ ሀንጋሪያዊ ኤልቪጂኤል የተባለ ቱልኪት ጀመረ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ፈቃዱም ኤምአይቲ የሚባለው ልል ፈቃድ ነው። የዛውረስን የሚያህል ስክሪን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ብንሰጥ፣ ሙሉ ምስሉ 153,600 ባይት ይፈጃል። ኤልቪጂኤል ግን ስክሪኑን ቆራርጦ መሳል ይችላል፤ አንድ አሥረኛውን በአንድ ጊዜ ከሳለ 15,360 ባይት ይበቃዋል።

እኛ ጋ የሚደርሰው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ከኤልቪጂኤል ጋር ተዘጋጅተው በሚመጡት ፎንቶች ውስጥ ግን የለም። «ሜሞሪ አይበቃም» የሚል ካለ እናስላው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱን 16 በ16 ነጥብ በጥቁርና ነጭ ብንስለው 32 ባይት ይወስዳል። በድምሩ 7,392 ባይት ነው። ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ቢጨመሩም ብዙ አይከብድም። ፎንቱን የሚቀይረውም መሣሪያ ክፍት ነው፤ የሚፈለጉትን ፊደላት መርጦ ማስገባት ይቻላል፣ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ኬዲኢዎች የሰው ወርቅ ይዘው ጀመሩ፤ የራሳቸው ያደረጉት ግን በገንዘብ ገዝተው ሳይሆን መብታቸውን በጊዜ አስጽፈው ነው። ለእኛ ዛሬ መብቱ ተጽፎ ተቀምጧል። የቀረው 7,392 ባይት ነው።