ለቃጠሎ ሕሙማን የተሠራው የበረዶ ዓለም



በዚህ እትም ስለ አንድ የሕክምና ታሪክ ልንጽፍላችሁ ወደድን። ታሪኩ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው፤ ነገሩ ግን ሕመምተኛ አስታማ የምታውቅን ሴት ሁሉ ይመለከታል። መድኃኒት ተሰጥቶም አልበርድ ያለን ሕመም በምን ማገዝ ይቻላል?

በቃጠሎ የተጎዳ ሰው ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ እሳቱ ወይም ፍል ውሃው ሲያገኘው ይታመማል፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁስሉ በታጠበ ቁጥር ይታመማል። ፋሻው ይፈታል፣ የሞተው ቆዳ ይነሣል፣ ቁስሉ ይጸዳል፣ እንደገና ይታሸጋል። ይህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። መገጣጠሚያ ደርቆ እንዳይቀርም እጅና እግርን የማንቀሳቀስ ሕክምና ይታከልበታል። ሞርፊንና መሰሎቹ ማስታገሻዎች ሕመምተኛው ጋደም ባለበት ሰዓት ጥሩ ይሠራሉ፤ ቁስሉ በሚታጠብበት ሰዓት ግን ማስታገሻ ወስደውም ከባድ ሕመም የሚሰማቸው ብዙ ናቸው። መጠኑን ዝም ብሎ መጨመርም አይቻልም፤ ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲቆይም ሰውነት ይለምደዋል።

የሕመም መጠን በቁስሉ ስፋት ብቻ እንደማይወሰን ሐኪሞች ቀድሞም ያስተውሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ፓትሪክ ዎል ይህን የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነሱ አባባል፣ ከቁስሉ የሚነሣው መልእክት አንጎል ዘንድ ከመድረሱ በፊት ኅብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር ባለ ቦታ ያልፋል። በሩን ከሚያሰፉትና ከሚያጠቡት ነገሮች አንዱ ራሱ አንጎል ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢታረምም፣ ፍርሃትና ሐሳብ በሕመም ላይ ድርሻ እንዳላቸው የተነገረው ቁም ነገር ጸንቶ ቆይቷል።

የሲያትሉ ሃርበርቪው ሆስፒታል በዚያ ከተማ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም። በሆስፒታሉ የቃጠሎ ማዕከል ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕሙማንን በሂፕኖሲስ ይረዱ ነበር። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሀንተር ሆፍማን የተባሉ ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ሸረሪት ክፉኛ የሚፈሩ ሰዎችን ለመርዳት በቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሠሩ ነበር። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን፣ መነጽር በሚመስል መሣሪያ የሚታይ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ነው። ራስ ሲዞር ሥዕሉም አብሮ ስለሚዞር፣ ሰውየው ሥዕሉን ከውጭ እያየ ሳይሆን ውስጡ የገባ ይመስለዋል። ሁለቱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1996 አብረው መሥራት ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የገቡበት ዓለም ያው ለሸረሪት ፍርሃት የተሠራው ማዕድ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ የሁለት ጎረምሶችን ሁኔታ ተረኩ። ልጆቹ ቁስላቸው ሲታከም ግማሹን ጊዜ ተራ የቪዲዮ ጌም ተጫወቱ፣ ግማሹን ደግሞ መነጽሩን አድርገው ቆዩ። መነጽሩን ባደረጉበት ጊዜ የተናገሩት ሕመምና ጭንቀት ከጌሙ ጊዜ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ለመግፋት በቂ ምክንያት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለቃጠሎ ሕሙማን ተብሎ ስኖው ወርልድ የተባለው የበረዶ ዓለም ተሠራ። ብዙ ሕሙማን ቁስላቸው ሲታጠብ ወደዚያው እሳት የተመለሱ ስለሚመስላቸው፣ የእሳት ተቃራኒ የሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ተመረጠላቸው። ሕመምተኛው በበረዷማ ሸለቆ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ በበረዶ ሰዎችና በፔንግዊኖች ላይ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። መወርወሩ ትልቅ ቦታ አለው። የሰው ልብ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር መያዝ አይችልም፤ ማነጣጠርና መወርወር ሐሳቡን ሲወስዱበት ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል።

ይህ ማባበል ብቻ ነውን? ተመራማሪዎቹ ይህንንም ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ጤናማ ፈቃደኞች እግራቸው ላይ ሙቀት እየተደረገ አንጎላቸው በኤምአርአይ ተነሣ። በበረዶው ዓለም ውስጥ ሳሉ ከሕመም ጋር የተያያዙ አምስት የአንጎል ክፍሎች ሥራቸው ቀንሶ ታየ። በ2007 የወጣው ጥናት ደግሞ ማስታገሻ መድኃኒቱና መነጽሩ አብረው ሲሰጡ መድኃኒቱ ብቻውን ከሚያደርገው የበለጠ ሕመም እንደሚቀንስ አሳየ።

ከዚያ ሥራው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዳረሰ። በ2011 በቴክሳስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ የተቃጠሉ 12 ወታደሮች ከ10 የሰጡት የከፋ ሕመም አማካይ ከ6.25 ወደ 4.50 ወረደ። ስለ ሕመማቸው በማሰብ ያሳለፉት ጊዜም ከ76 በመቶ ወደ 22 በመቶ ቀነሰ። በ2019 በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ፣ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ 48 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳየ፤ የከፋው ሕመም ከ8.52 ወደ 5.10 ወረደ። በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለቆየ የወገብ ሕመም የሚያገለግል፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ሕክምና ፈቀደ።

ዋጋውም ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ብቻ የሚችለው መሣሪያ ነበር፤ በ2019 ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ መነጽር በ399 ዶላር ለገበያ ቀረበ።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩልን። 5.10 አሁንም ሕመም ነው። መነጽሩ ሲወልቅ እርዳታው ያበቃል፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፤ ፊቱ የተቃጠለ ሰው ደግሞ ሊያስረው አይችልም። ለወታደሮቹ መነጽሩ ራስ ሳይነካ በክንድ መሰል ዘንግ ተይዞ መቅረብ ነበረበት። ከሁሉም በላይ፣ በእነዚህ ሆስፒታሎች ሁሉ መነጽሩ በማስታገሻ ላይ የተጨመረ እንጂ በምትኩ የተሰጠ አልነበረም።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በአገራችን ቃጠሎ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ፍል ውሃና ኩራዝ ባለበት ነው፤ ተጎጂዎቹም ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ይሰጣል፤ በአልጋው አጠገብ የምትቀመጠው አስታማሚ ግን እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት ናት። ለታመመችው «ቻይው» ማለት ልማዳችን ነው። ሕመምን መቻል የሚያስመሰግን ይመስለናል፤ የሲያትል ታሪክ ግን ሕመም ሊጠየቅ፣ ሊለካና ሊቀነስ የሚገባው ነገር መሆኑን ያስተምረናል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ቁስል ከመታጠቡ በፊት ማስታገሻው መቼ እንደሚሰጥ ነርሷን ጠይቁ። ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ከታማሚው አፍ ስሙ። ከዚያ ልጁን ሥራ ስጡት። ተረት መስማት ጥሩ ነው፤ እንቆቅልሽ ግን መልስ ስለሚጠይቅ ልጁን ይበልጥ ያሳትፋል። ይህ የመነጽሩን ያህል ኃይል አለው አንልም፤ የተሠራበት ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ወጪም የለውም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። አዲስ መሣሪያ መለገስ ደስ ያሰኛል፤ እኛም ቢመጣ በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ሞርፊን በብዙ ድሃ አገሮች እንደ ልብ አይገኝም። መጀመሪያ ማስታገሻው፣ ንጹሕ ፋሻውና ቁስል አጣቢ ባለሙያው ይሟሉ፤ መነጽሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።