ጋቢ ይዘን ወደ ቆላ

ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አንገር ጉቲን ከ1,400 ሜትር በታች። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። እንግዲህ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነሥተን ወለጋ ስንሰፍር ስምንት ዲግሪ ያህል ወርደናል ማለት ነው። ካድሬዎቹ ስለ ለሙ መሬት፣ ስለ ትራክተሩ፣ ስለማይቀረው ዝናብ ነገሩን። ስለ ሙቀቱ ያነሣ አልነበረም። እናቴ ባናና ጋቢ ጠቅልላ ነው መኪና ላይ የወጣችው፤ የደጋ ሰው አገር ሲለቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ለብርዱ ነው። ከነቀምት ወደ ኡኬ ቁልቁል ሲወረድ ልብሱ ከየትከሻው እየተገፈፈ ጭን ላይ ተከመረ ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው ጥማቱን ነው።

አንገር ጉቲን ከዚያ ዘመቻ በፊትም ሰፋሪ ነበረበት። 1977 ያመጣው ብዛቱን ነው። ደርግ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው አሰፍራለሁ ብሎ ጀምሮ፣ በዚያና በተከታዩ ዓመት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ የወሎ፣ የትግራይና የሸዋ ሰው አጓጓዘ፤ ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ብዙውን የተቀበለችው ወለጋ ናት። ርሀቡ አስገድዶት ራሱ የተመዘገበ አለ፤ እርዳታ ሊቀበል ሄዶ ከመጠለያ የታፈሰም አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቡድን በሰፈራው ሰው እያለቀ ነው ብሎ በመናገሩ በ1978 ከአገር ተባረረ። አሉላ ፓንክረስት እዚሁ ወለጋ ውስጥ በቄቶ ስለሰፈሩ ወሎዬዎች የጻፉትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የእኛም ነገር አዲስ አይሆንበትም። የሰፈራው ፖለቲካ ብዙ ተብሎበታል፤ እኔ የማነሣው የደጋ ገላ፣ የደጋ በሬና የደጋ ልማድ ቆላ ሲወርዱ የሆኑትን ነው።

ሸለቆው ጠፍ ነው ተብሎ ነበር። ጠፍ አልነበረም። ከፍታው ላይ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ከብት ያግዱበት፣ ቀፎ ይሰቅሉበት ነበር። ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ ለአባቴ፣ «ጋሞጂ ቀን ይሠሩበታል እንጂ አያድሩበትም» ብለውታል፤ ጋሞጂ ቆላው ነው። ይህን ያህል ለም መሬት ስለምን ሰው አላደረበትም ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ መልሱ አንድ ሰዓት ሽቅብ ተጉዞ ይገኝ ነበር። ያልተጠየቁት ሰዎች ግን ለእኛ ጎጆ እንዲሠሩና እህል እንዲያዋጡ ታዘዙ፤ የግጦሽ መሬታቸውም ሄደ። ያም ሆኖ ጤፍና ገብስ ከለመደው እጃችን ዳጉሳና በቆሎ እንዴት እንደሚበቅል ያሳዩን እነሱ ናቸው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ንዳዱ ገባ። ወባ ባለበት አገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየታመመ ያደገ ሰው ከጊዜ ብዛት ጥቂት መከላከያ ያበጃል። የእኛ ሰው ግን ሽማግሌውም ጎረምሳውም እኩል ወደቀ። ደጋው ወባን ፈጽሞ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ በ1951 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ ከፍታዎቹ ዘልቆ 150 ሺህ ያህል ሰው ፈጅቷል። ያ ግን መጥቶ የሄደ መቅሠፍት ነበር፤ ይኼኛው በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ወባ ሲጀምር ያንቀጠቅጣል። ለካ ያ ሁሉ ጋቢና ባና ያለ ሥራ አልመጣም፤ በዚያ ሐሩር ሰው ሦስት ድርብ ለብሶ ይንዘፈዘፍ ነበር።

እናቴና ጎረቤቶቿ ጥፋተኛውን ቶሎ ለዩት፦ የበቆሎ እሸት። እሸቱ ሲደርስ ንዳዱ ይመጣል፤ ስለዚህ ንዳድ ከእሸት ነው። ለልጅ እሸት መከልከል ተጀመረ፤ እኛም ሰርቀን እንበላ ነበር። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ይስቁና ክሎሮኪን ሰጥተው፣ «የትንኝ በሽታ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ይሁንና ከእኛ ተነሥቶ ዐባይን በሚሻገረው መንገድ ሌላ ጫፍ፣ ቡሬ ላይ፣ በ1990ዎቹ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን ጋር ሆነው ይህንኑ ነገር አጠኑ። በቆሎው ሲያብብ ብናኙ በየእርሻው ባለ ኩሬ ላይ ይረግፋል፤ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከእጩም የሚወጣው ትንኝ ይፋፋል። በቆሎ በበዛበት ቀበሌ ወባውም በዝቶ ተገኘ። እሸት መብላት አያሳምምም፤ በቆሎ መሐል ማደር ግን በሽታውን ያበረታል። የእኛ መንደሮች የተተከሉት ደግሞ በቆሎ መሐል ነበር። ያን ጥናት ሳነብ እናቴ ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ባነብላት ብዬ ተመኘሁ፤ «አላልኩም?» ማለቷ አይቀርም ነበር። ኋላ ክሎሮኪኑ መሥራት አቃተው፣ ፋንሲዳር ተተካ፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ኮአርተምና አጎበር ሲመጡ ነው መስከረም ትንሽ የቀለለው።

ለሰው መድኃኒት ነበረው፤ ለበሬው ነገር ባሰ። የደዴሳና የአንገር ሸለቆ የገንዲ ዝንብ አገር ነው። ገንዲ የያዘው በሬ ፀጉሩ ይቆማል፣ እየበላ ይከሳል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አንድ ቀን ከተኛበት አይነሣም። መንግሥት በደሌ ላይ ይህን ዝንብ የሚያጠናና የሚቆጣጠር ማዕከል የከፈተው ወድዶ አይደለም። እርሻው በትራክተር የሆነውም አንድም ለዘመናዊነት፣ አንድም ለዚህ ነው። ሰዉ በአምራቾች ማኅበር ታቅፎ፣ በነጥብ ተመዝግቦ፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ትራክተሩም ቆመ፤ በሬ የሌለው ዶማ ያዘ። ብዙው በእግሩም በመኪናም ወደ ወሎ ተመለሰ፤ አባቴ «በየትኛው መሬት?» ብሎ ቀረ።

የጎተራው ነገር ብዙም አይወራለትም፤ ለእናቶቻችን ግን ከወባው ቀጥሎ የከፋው እሱ ነበር። ደጋ ላይ ገብስ ጎተራ ገብቶ ዓመት ቢከርም ብርዱ ይጠብቀዋል። ቆላ ላይ በቆሎው በጥቂት ወራት ይነቅዛል፤ ነቀዙ ሲሰማ ያድራል። ስለዚህ የወሎ ሰው የዘር እህል የማስቀመጥ ኩራቱን ትቶ ቶሎ መሸጥ ተማረ፤ ሰሊጥና አኩሪ አተር ዘርቶ ገንዘቡን ባንክ አስቀመጠ። ቤቱም ተለወጠ። ድንጋይ ወፍሮ፣ ከብቱ ውስጥ ገብቶ የሚያሞቀው የደጋ ቤት ቀርቶ ነፋስ የሚያሳልፍ የጭቃ ቤት፣ በደጁ ማንጎ። አሁን ጉቲን ላይ ማንጎ የሌለው ግቢ ካለ ነዋሪው አዲስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር አይደለም፤ እኔ ግን አሳጥረዋለሁ። በ1993 ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ከ2013 ወዲህ በጊዳ አያና፣ በኪረሙና በአካባቢው አማራውም ኦሮሞውም ተገደለ፣ ተቃጠለ፣ ተሰደደ። ከሸለቆው የወጡ ዘመዶቼ ደብረ ብርሃን ባለ የተፈናቃዮች መጠለያ ይኖራሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም፣ ከወረኢሉም ይበልጣል። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ጉቲን የተወለዱት ልጆች ሳል አይለቃቸውም፤ እግራቸው በብርድ ይሰነጠቃል፤ ጋቢ እንዴት እንደሚደረብ የሚያሳዩዋቸው ከ1977 የተረፉት አሮጊቶች ናቸው። መሬት ቢሰጣቸው የሚዘሩት ገብስ ነው። ልጆቹ ግን በበቆሎ እርሻ ነው ያደጉት፤ ገብስ ሲታጨድ አላዩም።