የጆሮና የዓይን ኤሌክትሮኒክ ተተካዮች፦ በናይሮቢ ከባዱ ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለው ነው

መስማት ተስኖት የተወለደ ሕፃን፣ በቀዶ ሕክምና በሚተከልለት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አማካይነት የእናቱን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ኮክሌር ኢምፕላንት የተባለው ይህ መሣሪያ የሙከራ ዘመኑን ካለፈ ቆይቷል፤ በዓለም ዙሪያም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። የማየት ችሎታን ለመመለስ የሚሠሩት መሰል መሣሪያዎች ግን ገና በምርምር ጎዳና ላይ ናቸው።

የኬንያ መዲና ናይሮቢ፣ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎችና ከጎረቤት አገራት የሚመጡ ሕሙማን ልዩ ሐኪም ፍለጋ የሚያቀኑባት ከተማ ናት። የኮክሌር ኢምፕላንት ቀዶ ሕክምናም ይሰጥባታል። በዚህች ከተማ ዋናው ጥያቄ መሣሪያውን መትከል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው አይደለም። ሕፃኑ ጊዜው ሳያልፍ ከሐኪም ይደርሳል ወይ? ከተተከለለትስ በኋላ ለዓመታት የሚከታተለው ማን ነው? የሚሉት ናቸው ከባዶቹ ጥያቄዎች።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በጤናማ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የጆሮን ታምቡር አንቀጥቅጦ፣ በጥቃቅን አጥንቶች በኩል አልፎ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ማለትም ወደ ኮክሊያ ይደርሳል። በዚያ የሚገኙ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጠው ለመስማት ነርቭ ያቀብላሉ። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ዘንድ ተመልሰው አይበቅሉም። ተራው የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ድምፅን ከማጉላት ያለፈ ሥራ የለውምና፣ ሕዋሳቱ በአብዛኛው ለጠፉበት ሰው እምብዛም አይጠቅምም።

ኮክሌር ኢምፕላንት የጠፉትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ውጫዊ ክፍል ድምፅን በማይክሮፎን ይቀበላል፤ በፕሮሰሰሩም ከቀጭን እስከ ወፍራም ድምፅ ይከፋፍለዋል። ከዚያም በማግኔት ከራስ ቅል ጋር በተጣበቀ ማስተላለፊያ አማካይነት፣ ምልክቱን በቆዳ ሥር ወደተቀበረው ተቀባይ ይልካል። ከተቀባዩ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ በኮክሊያው ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባል። በሽቦው ላይ የተደረደሩት ኤሌክትሮዶች ቁጥር እንደ አምራቹ ቢለያይም ከ12 እስከ 22 ያህል ነው።

የ15 ሺህ ሕዋሳትን ሥራ 22 ኤሌክትሮዶች ሲተኩት፣ የሚሰማው ድምፅ ከተፈጥሮው የተለየ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህም አእምሮ አዲሱን ድምፅ መተርጎም መማር አለበት። መሣሪያውም ቁስሉ ከዳነ በኋላ በመስማት ባለሙያ ይከፈታል፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደሚስማማውም በተደጋጋሚ ይስተካከላል።

ከፓሪስ እስከ ሜልበርን

የዚህ ቴክኖሎጂ ጅማሬ በአብዛኛው የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በፓሪስ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪዬስ ያደረጉት ሙከራ ነው። በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃውስ በሎስ አንጀለስ መሣሪያውን በሰው ላይ ተከለ። እነዚህ ቀደምት መሣሪያዎች ድምፅ መኖሩን ቢያሳውቁም ንግግርን ለመለየት አላስቻሉም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ቡድኖች ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን መሣሪያ እውን አደረጉ፤ አንዱ በኦስትሪያ ቪየና በኢንገቦርግና ኤርቪን ሆኽማየር፣ ሌላው በአውስትራሊያ ሜልበርን በግሬም ክላርክ የሚመራ ነበር። አባቱ የመስማት ችግር የነበረባቸው ክላርክ፣ ሽቦውን ሳይጎዱ ወደ ተጠማዘዘው ኮክሊያ የማስገባቱን ዘዴ ያገኘው በባሕር ዳርቻ የሣር ቅጠል ወደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እያስገባ ሲሞክር እንደነበር ይነገራል። በ2013 ክላርክ፣ ኢንገቦርግ ሆኽማየርና የድምፅ አከፋፈሉን ስልት ያሻሻለው አሜሪካዊው ብሌክ ዊልሰን የላስከርን የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል።

ጊዜ የማይጠብቅ አካል

ኮክሊያ ሰው ሲወለድ ሙሉ መጠኑን ይዞ ስለሚወለድ፣ በሕፃንነት የተተከለው ሽቦ ልጁ ሲያድግ አይጠብበውም። አእምሮ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ድምፅ ያልደረሰው የአእምሮ ክፍል ቀስ በቀስ ለሌላ ተግባር ይውላል። መስማት ተስኖት የተወለደ ልጅ መሣሪያው ከሰባትና ከስምንት ዓመቱ በኋላ ቢተከልለት ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ንግግርን አጥርቶ መረዳትና መናገር ግን እጅግ ይከብደዋል። በተቃራኒው፣ ቋንቋ ከለመደ በኋላ መስማት ያቆመ አዋቂ ሰው ከመሣሪያው በሚገባ ሊጠቀም ይችላል።

በዚህ ምክንያት በሀብታም አገራት እያንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በአንድ ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት፣ ችግር ካለ በሦስት ወር እንዲረጋገጥ፣ በስድስት ወር ደግሞ እርዳታ እንዲጀመር ይመከራል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ይህ ምርመራ ለሁሉም ሕፃናት የሚዳረስ አይደለም። ብዙ ወላጆች ነገሩን የሚያውቁት ልጃቸው አፍ ሳይፈታ ሲቀር ነው። ያኔም ቢሆን “ንግግር የሚዘገይ ልጅ ነው” በሚል ተስፋ ተጨማሪ ዓመት ያልፋል።

የማጅራት ገትር በሽታ ጉዳዩን ይበልጥ ያጣድፈዋል። ከበሽታው የተረፈ ሰው መስማት ሲሳነው፣ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊበቅልና ሽቦ ማስገባት ሊያዳግት ስለሚችል፣ የወራት መዘግየት እንኳ ዕድሉን ሊዘጋው ይችላል። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም ሲሰጡ የቆዩ እንደ ካናማይሲን ያሉ መርፌዎችም የብዙዎችን ጆሮ ጎድተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይሰጥ በ2018 መምከሩ፣ የመስማት ችግርን ከመታከም መከላከል እንደሚቀል አንድ ማሳያ ነው። በድርጅቱ ግምት መሠረት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል።

ዋጋውና የመምህሩ ድርሻ

መሣሪያው ከውጭ የሚገባ ሲሆን ዋጋው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ወጪውም በቀዶ ሕክምናው አያበቃም። ባትሪ፣ የሚበጠስ ገመድ፣ የሚበላሽ ፕሮሰሰር፣ የማስተካከያ ቀጠሮና የንግግር ሕክምና ይከተላሉ። ከናይሮቢ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የጉዞና የማደሪያ ወጪ ይጨመርበታል። ልጁ በቤት የእናቱን ቋንቋ፣ በሰፈር ኪስዋሂሊ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚሰማ ከሆነም፣ ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ ማሠልጠን የሚችል ባለሙያ ያስፈልገዋል።

በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ኬንያን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገራት ኮክሌር ኢምፕላንትንና መስማት ለተሳናቸው የሚሰጥ ትምህርትን ከወጪያቸው አንጻር መዝኗል። ትምህርቱ በሁሉም አገራት ወጪውን የሚክስ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኢምፕላንቱ ግን በደቡብ አፍሪካና በናይጄሪያ ብቻ ነበር መስፈርቱን ያሟላው። ውጤቱን በእጅጉ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱም የመሣሪያው ዋጋ ነበር።

ይህ ውጤት ሌላም ነገር ያስታውሳል። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የኬንያን የምልክት ቋንቋ ከኪስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የምክር ቤቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል። መስማት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች ራሳቸውን የሚያዩት የራሱ ቋንቋና ባህል እንዳለው ማኅበረሰብ እንጂ እንደ ሕሙማን አይደለም። ኢምፕላንት የሚጠብቅ ልጅም ቢሆን እስከዚያው ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም። ፕሮሰሰሩን ባወለቀ ወይም ባትሪው ባለቀ ጊዜም ተመልሶ መስማት የተሳነው ልጅ ነው።

የዓይን መሣሪያዎች የት ደረሱ?

ለዓይን የሚሠሩት መሣሪያዎች የሚከተሉት መርህ ከጆሮው ጋር ይመሳሰላል፤ የሞቱትን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አልፈው በሕይወት ያሉትን ነርቮች ይቀሰቅሳሉ። ይሁን እንጂ የዕይታ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች ያሉት በመሆኑ በጥቂት ኤሌክትሮዶች ምስል መሥራት እጅግ ከባድ ነው።

በአሜሪካ በ2013 ፈቃድ ያገኘው አርገስ ሁለት የተባለው መሣሪያ 60 ኤሌክትሮዶች ነበሩት። በመነጽር ላይ ካለ ካሜራ የሚመጣውን ምስል ወደ ብርሃን ነጠብጣቦች ይለውጣል። ከ350 በላይ ሰዎች ተተክሎላቸዋል። አምራቹ ሰከንድ ሳይት ግን በ2019 ምርቱን አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ለመዘጋት ተቃርቦ አብዛኞቹን ሠራተኞች አሰናበተ። ተገልጋዮቹም መለዋወጫና ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ በዓይናቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ተስፋ የሰጠው ፕሪማ የተባለው መሣሪያ ነው። ስፋቱ ሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነው ይህ ቺፕ 378 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ በዕድሜ ምክንያት የሬቲናቸው መካከለኛ ክፍል ለተጎዳባቸው ሰዎች የተሠራ ነው። በጥቅምት 2025 ይፋ በሆነው የአውሮፓ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት ክትትል ከተደረገላቸው 32 ሰዎች መካከል 26ቱ የዕይታ ጥራታቸው በጉልህ ተሻሽሏል። የሚያዩት ምስል ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለመጠቀምም የወራት ልምምድ ይጠይቃል።

እነዚህ መሣሪያዎች ለሁሉም ዓይነ ስውር አይሆኑም። ግላኮማ የዕይታ ነርቭን ስለሚገድል በሬቲና ላይ የሚተከል ቺፕ አይረዳውም። ትራኮማ የሚጎዳው የዓይንን የፊት ሽፋን ነው። ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት የሆነው የዓይን ሞራ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ አያስፈልገውም፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና በሚተካ የፕላስቲክ ሌንስ ይድናል።

ያ ሌንስም በአንድ ወቅት ለድሃ አገራት የማይደረስበት ውድ ዕቃ ነበር። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ በጀመሩት ጥረት፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአስመራና በካትማንዱ ሌንስ ማምረቻዎች ተከፈቱ፤ ዋጋውም እጅግ ወረደ።

ከኬንያ የተገኘ ትምህርት

በምዕራብ ኬንያ ትራንስ ንዞያ አካባቢ በ50 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት፣ መምህራን ፒክ በተባለ የስልክ መተግበሪያ ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ዓይን እንዲመረምሩ አደረገ። ችግር ለተገኘባቸው ልጆች ወላጆች የማስታወሻ መልእክት ይላክ ነበር። በዚህ መንገድ ከተለዩት ልጆች 54 በመቶው ሆስፒታል ሄዱ፤ በተለመደው መንገድ ከተመረመሩት ግን የሄዱት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ልጁን ማግኘትና መከታተል ነው።

ባለሙያዎች ወላጆችን የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። ሕፃኑ ከፍ ባለ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በስድስት ወሩ ድምፅ ወደመጣበት ፊቱን የማያዞር፣ የጀመረውን መንተባተብ ያቆመ ወይም ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል የማይወጣው ከሆነ፣ “ያድጋል፣ ይተወዋል” ሳይባል ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ልጅ ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ ጆሮው ሊመረመር ይገባል። መሣሪያ ለመትከል የወሰነ ቤተሰብም ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ መሣሪያው ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ሲበላሽ እዚያው አገር የሚጠግነውና መለዋወጫ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ነው።